የክሪክ ትራስና የሰው ነፍስ

ፍራንክፈርት ውስጥ መኪና ያለው ሐበሻ ቢያንስ በዓመት ሁለት ጊዜ የክሪክ ነገር ይመጣበታል። ጀርመኖች የክረምት ጎማ የሚታሰርበትን ጊዜ «ከኦ እስከ ኦ» ይሉታል፤ ከኦክቶበር እስከ ኦስተርን፣ ማለትም እስከ ፋሲካ መሆኑ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው ደንብ በረዶና አመዳይ ባለበት መንገድ ላይ ያለ ክረምት ጎማ መንዳትን ከልክሏል። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ ደግሞ እንደ ክረምት ጎማ የሚቆጠረው የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት የታተመበት ብቻ ነው። ጎማ ማስቀየር ገንዘብ ስለሚያስወጣ፣ ከቤቱ ጓሮ ሆኖ በገዛ እጁ የሚቀይረው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ችግሩ፣ ክሪኩን የት እንደሚያሳርፍ ሁሉም ሰው አለማወቁ ነው።

ከ30 ዓመት በላይ በዚህ ከተማ ታክሲ የነዱ አንድ አባት አሉ። አገር ቤት ሳሉ የወጣትነት ዘመናቸውን ያሳለፉት ሶማሌ ተራ አካባቢ በሚገኝ ጋራዥ ነበር። ክሪክ፣ ዳዶ፣ ቸርኬ፣ ባልስትራ የሚባሉትን፣ ከጣሊያን የወረስናቸውን ቃላት የተማሩት እዚያ ነው። የወንድማቸው ልጅ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ፍራንክፈርት ነው። ባለፈው መጋቢት ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ አንድ አሮጌ ፖርሸ ቦክስተር ገዛ። አጎትየው «ሁለት ሰው ብቻ የሚጭን መኪና ለምን ይጠቅማል?» ብለው ጥቂት ቢያጉረመርሙም፣ ልጁ ፍሬኑን ራሱ ለመሥራትና ከሥሩ ገብቶ የዘይት ፍሳሽ ለመፈለግ ማሰቡን ሲሰሙ ነገሩ ከቀልድ አለፈባቸው።

ልጁ ዝግጅቱን ጨርሶ ነበር። ከሱፐርማርኬት ቅናሽ ያገኘው ክሪክና በ12 ኦይሮ ያዘዛቸው አራት የላስቲክ ትራሶች አሉት። የክሪክ ትራስ ማለት በክሪኩ ብረት ራስና በመኪናው አካል መካከል የሚገባ፣ መዳፍ የማያህል ነገር ነው። ነገር ግን ከመኪናው ክብደት ብዙው የሚያርፈው በዚህች ትንሽ ነገር ላይ ነውና አመራረጡ ዋዛ አይደለም።

«ጋሼ፣ ላስቲክ ላስቲክ ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» አለ ልጁ።

አጎትየው ያስረዱት ከሥር መሠረቱ ጀምረው ነው። ድሮ እሳቸው የሠሩባቸው ላንድሮቨሮችና የጭነት መኪኖች ወፍራም የሻንሲ ብረት አላቸው፤ ክሪኩ ሻንሲው ወይም አክሱ ሥር ቢገባ የሚጎዳ ነገር የለም። የዛሬ አውቶሞቢል ግን ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም፤ ሸክሙን የሚይዘው ከስስ ቆርቆሮ ተበይዶ የተሠራው አካሉ ራሱ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው በሁለቱም ጎን ከበሮቹ በታች፣ ከጎማዎቹ አጠገብ፣ በጠቅላላው አራት የተጠናከሩ ቦታዎችን ለክሪክ ብሎ ያዘጋጃል። ከእነዚህ ውጭ ያነሳ ሰው ወለሉን ይሰረጉዳል። በባዶ ብረት ያነሳ ደግሞ ቀለሙን ይልጠዋል፤ ዝገት ይከተላል፤ ዝገቱ የተሸካሚውን ክፍል ከበላው መኪናው በየሁለት ዓመቱ የሚደረገውን የቲዩፍ ምርመራ አያልፍም።

የስፖርት መኪና ከዚህም የባሰ ነው። ከመሬት ብዙ አይርቅም፣ ሆዱ ነፋስ እንዲያሳልፍ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፣ ስቶ የገባ ክሪክ ፕላስቲኩን ይሰብራል። ስለዚህ የመጀመሪያው መመሪያ የመኪናውን መጽሐፍ ከፍቶ የማንሻ ቦታውን ቅርጽ ማየት ነው። ቀጥ ያለ የቆርቆሮ ጠርዝ ላላቸው መኪኖች መሐሉ የተሰነጠቀ ትራስ ያስፈልጋል፤ ስንጥቁም ጠርዙን አቅፎ እንዳያጣምመው የሚበቃ ጥልቀት ሊኖረው ይገባል። ለብዙ ቢኤምደብሊው መኪኖች ከፕላስቲክ ማረፊያው ጋር የሚገጥም ባለ አራት ማዕዘን ያሻል። ፖርሸ ክብ ማረፊያ አለው። የአሜሪካው ኮርቬት ደግሞ ከቀዳዳው ገብቶ የሚጠመዘዝ ትራስ ይፈልጋል። ልጁ ያዘዛቸው አራቱም ባለ ስንጥቅ ነበሩ፤ ለሌላ ሰው መኪና የተሰፋ ጫማ ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር የተሠራበት ዕቃ ነው። ርካሽ ላስቲክ በብርድና በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ጠንከር ያለው ፖሊዩሬታን ቅርጹን ይዞ ይቆያል። አሉሚንየም አይሰበርም፣ ሆኖም ላይኛው ፊቱ ላስቲክ ካልለበሰ ይፍቃል፣ ይንሸራተታልም። እንጨት የሚጠቀም አለ፤ እንጨት ግን በሸክም መካከል ይፈነጠቃል። ትራሱ በክሪኩ ራስ ጽዋ ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት፤ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ይሾልካል። ማግኔት ያላቸው አሉ፤ ማግኔቱ ትራሱ እንዳይወድቅ ይይዛል እንጂ ሸክም አይሸከምም። ቁመት አነሰኝ ብሎ ሁለት ትራስ መደራረብ ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

ሦስተኛው ሒሳብ ነው። የማንሻው ቦታ ከመሬት 12 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ክሪኩ ዝቅ ሲል 8 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ትራሱ 3 ቢጨምር፣ የሚተርፈው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። የልጁ የቅናሽ ክሪክ ዝቅ ብሎም 13 ሳንቲ ሜትር ስለነበር ያለ ትራስም አይገባም። በዚያ ላይ ጎማ ሲተነፍስ መኪናው የባሰ ይወርዳል። መፍትሔው ዝቅተኛ ክሪክ መግዛት፣ ካልሆነም መኪናውን በጠፍጣፋና ጠንካራ ሳንቃ ላይ ነድቶ ማቆም ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገርም አለ። ባለ ተሽከርካሪው ክሪክ ሲነሳ ራሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ አይወጣም፤ ክንዱ እንደ ቅስት ይዞራል። ስለዚህ ክሪኩ ራሱ በትንንሽ ጎማዎቹ መንቀሳቀስ አለበት። ጠጠር ወይም ሣር ላይ ከቆመ አይንቀሳቀስም፤ ያኔ ትራሱ ወደ ጎን ይጎተትና መኪናው ይሾልካል። ጠንካራና ደልዳላ መሬት የሚፈለገው ስለዚህ ነው። የእጅ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ የሚይዘው የኋላ ጎማን በመሆኑ፣ ኋላው ሲነሳ የፊት ጎማዎች ታኮ ሊገባላቸው የግድ ነው።

ልጁ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ «እሺ፣ ትክክለኛውን ትራስ ከገዛሁ መግባት እችላለሁ ማለት ነው» አለ።

«አትችልም» አሉት።

ከዚያም ለማንም አውርተውት የማያውቁትን ነገሩት። በዚያ የድሮ ጋራዥ ውስጥ ከእሳቸው ሁለት ዓመት የሚበልጥ ባልደረባ ነበራቸው። አንድ ቀን በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር ገብቶ ሲሠራ ክሪኩ ሾለከ። ሳጥኑን ከተሸከሙት መካከል አንዱ እሳቸው ነበሩ። ትራስ የመኪናውን ቆርቆሮ ይጠብቃል፤ የሰውን ደረት ግን አይጠብቅም። ክሪክ ለማንሳት እንጂ ለማቆየት አልተሠራም፤ የዘይት መያዣ ጎሚኒዋ ስታልቅ ሳያስጠነቅቅ ይወርዳል። ከሥር የሚገባ ሰው መኪናውን በብረት መቆሚያዎች ላይ ማሳረፍ አለበት።

የስፖርት መኪና ጣጣ እዚህ ላይ ይመጣል። ማንሻውም መቆሚያውም የሚፈልጉት ያንኑ አንድ ቦታ ነው፤ ክሪኩ ከያዘው መቆሚያው የት ይገባል? ለዚህ ሲባል ጀርመን አገር በሰዓት የሚከራዩ የራስ አገዝ ጋራዦች አሉ። ልጁ በመጨረሻ የተስማማው በዚህ ነው። ትራሶቹን መልሶ ለመኪናው የሚስማሙ ገዛ፤ እነሱን ለጎማ ቅያሬ ብቻ አስቀመጣቸው። ከሥር ለሚሠራው ሥራ ደግሞ አጎቱን ይዞ ሄዶ ማንሻ ተከራየ። ፍሬኑን ሁለቱ አብረው ሠሩ።

ነገሩ ግን የፍራንክፈርት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የአዲስ አበባ ጎዳና በኤሌክትሪክ መኪኖች እየተሞላ ነው። እንደ ቮልስዋገን አይዲ 4 ያለው መኪና ክብደቱ 2 ቶን ያህል ነው፤ ባትሪውም በወለሉ ሥር ተዘርግቷል። በላንድሮቨር ልማድ ክሪኩን ከሆዱ መሐል የሚያስገባ ጎሚስታ ውድ የሆነውን ባትሪ ይሰረጉዳል፤ የተጎዳ ባትሪ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለእነዚህም መኪኖች የማንሻ ቦታቸው ተለይቶ የታወቀ ነው፤ ትራሳቸውም እንዲሁ።

ታክሲ ነጂው በዚህ ዓመት አዲስ አበባ ላለች እህታቸው ከሽቶና ከጫማ ይልቅ አራት ትራስና ሁለት መቆሚያ ላኩ። መቆሚያዎቹ ከበዱ ብሎ የተቆጣው መንገደኛ ኋላ ሲገባው ለራሱም ገዝቷል። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ወደ አገር ቤት የምትጓዙ ወገኖች ሻንጣችሁ ውስጥ ለዚህ ነገር ጥቂት ኪሎ ብትተውለት፣ ዕቃው ከነምክሩ ቢደርስ፣ የአንድ ጎሚስታ ልጅ አባቱን ማታ ቤቱ ያገኘዋል።