ያልተዘጋው ቦይ

በመምህርነቴ ዘመን ከጠረጴዛዬ ላይ አንዲት አርጩሜ አትጠፋም ነበር። አንድ ጉልበተኛ ልጅ ታናሹን ሲመታ ሦስት ጊዜ ዛትኩበት፤ አርጩሜዋን ግን አላነሣኋትም። እርሱም ዱላውን ቀጠለ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ስለ 1928 ዓ.ም. ባነበብኩ ቁጥር ያ ልጅ ትዝ ይለኛል። እንግሊዝ የጦር መርከቦቿን በሜዲትራኒያን ባሕር አከማቸች፤ የዓለም መንግሥታት ማኅበርም በኢጣልያ ላይ ማዕቀብ ጣለ። በትር የሚያስፈራው እንደሚያርፍ ሲታመን ነው። ነዳጅ ዘይት ግን ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዌዝም ቦይ አልተዘጋም። የሙሶሊኒ ወታደርና የመርዝ ጋዝ በዚያው አለፈ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በሂትለር ላይ አጋር እንዲሆናቸው ይሹት ነበርና ሊያስቀይሙት አልወደዱም፤ ይህንንም እርሱ አላጣውም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ አቤት አሉ፤ በሐምሌ ማዕቀቡ ተነሣ።

ያ የተመታው ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ነው። በልደታ መንገድ ሲያገኘኝ «ጋሼ» ብሎ ጎንበስ ይልልኛል፤ እኔ ግን ዐይኑን ለማየት አፍራለሁ።