አምፕሊፋየሩን ከመጣላችሁ በፊት

ሰሞኑን "ቲቸር፣ የሠራሁት ስፒከር ይጮህብኛል፣ ምን ላድርግ?" የሚል መልእክት ኢንቦክስ ላይ በዝቶብኛል። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ።

እዚህ ደምበጫ ልጆች ስፒከር ሲሠሩ የሚጠቀሙት እጃቸው ላይ ያለውን ነው፤ ወይ የስልክ ቻርጀር፣ ወይ የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር። እነዚህ "ስዊቺንግ" የሚባሉት ናቸው። የሶኬቱን 220 ቮልት መጀመሪያ ወደ 310 ቮልት ገደማ ዲሲ ይቀይሩትና በሰከንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ ይቆራርጡታል። በዚህ ፍጥነት ትንሽዬ ትራንስፎርመር ስለምትበቃ ነው ቀላልና ርካሽ የሆኑት።

አንድ ጎበዝ ተማሪ "የሰው ጆሮ እኮ ከ20,000 ኸርዝ በላይ አይሰማም፤ ታዲያ ይሄ ለምን ይሰማናል?" ብሎ ጠየቀኝ። ደስ የሚል ጥያቄ ነው። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ብዙዎቹ ቻርጀሮች ሥራ ሲያንስባቸው ያርፋሉ። ትንሽ ይሠራሉ፣ ያቆማሉ፣ ደግሞ ይነሳሉ። ጆሯችን የሚይዘው ያንን ማረፍና መነሳት ነው። ድምፁ ልክ ቀፎ አጠገብ እንደ መቆም ነው።

ባለፈው ዓመት የሚኒ ሚዲያ ልጆቻችን ከኪሳቸው አዋጥተው የገዙትን አምፕሊፋየር "ተቃጥሏል፣ ሌላ ግዙ" ተባሉ። ለእነዚህ ልጆች ሌላ መግዛት ማለት የደብተር ብር ማለት ነው። አዳፕተሩን ነቅለን በ12 ቮልት የሶላር ባትሪ አስነሳነው። ጭጭ አለ! አምፕሊፋየሩ ጤነኛ ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ምርመራ ይሄ ነው፦ በባትሪ ሞክሩት። ባትሪ ምንም አይቆራርጥም። ጩኸቱ ከጠፋ የመጣው በኮረንቲው መንገድ ነው።

ቀጥሎ የድምፁን ዓይነት ለዩ። ቀጭን "ሲሲሲ" ወይም "ዝዝዝ" ከሆነ ፊልተር ይፈታዋል። በፖዘቲቩ ሽቦ መንገድ ላይ 100 ማይክሮሄንሪ ኮይል አስገቡ፤ ከኮይሉ በኋላ 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ፣ ጎኑ ላይ ደግሞ 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ። ክፍል ውስጥ የሠራነውን ቀመር አስታውሱ፣ 1 ሲካፈል ለ2π√LC፤ መልሱ 500 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል። ከዚያ በጣም ከፍ ያለውን ፊልተሩ ያዳክመዋል። ኮይል የሚሸጥ ካጣችሁ ከተበላሸ የኮምፒዩተር ፓወር ሳፕላይ ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ቀለበት አለ፤ ነገር ግን የተበላሸውም ቢሆን ተነቅሎ ከቆየ በኋላም ካፓሲተሩ ኮረንቲ ይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ጥገና የሚያውቅ ሰው ያውጣላችሁ። የካፓሲተሩ ቮልት ከአዳፕተሩ ይብለጥ (ለ12 ቮልት 25 የተጻፈበት)፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ካዟዟራችሁ ደግሞ ይፈነዳል።

ድምፁ ወፍራም "እምምም" ከሆነ ግን ይሄ ፊልተር አይረዳችሁም። ያ የመብራቱ 50 ኸርዝ ወይም እጥፉ ነው፤ ከ500 በታች ስለሆነ ዝም ብሎ ያልፋል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ስልኩም አምፕሊፋየሩም ሶኬት ላይ ሆነው በድምፅ ገመዱ መገናኘታቸው ነው፤ በኔጋቲቩ በኩል ቀለበት ይሠራሉ። የስልኩን ቻርጀር ንቀሉት። ጸጥ ካለ መፍትሔው በቃ እሱ ነው፤ ዘፈኑን በስልኩ ባትሪ አጫውቱ። የግድ ቻርጅ እየተደረገ ይጫወት ካላችሁ በድምፅ ገመዱ መሃል የምትገባ ትንሽ የድምፅ ትራንስፎርመር አለች።

አሁን ደግሞ አደራ የምለው። አንዳንድ ሰው እምምታውን ለማጥፋት የኧርዝ ሽቦውን ይቆርጣል። እውነት ነው፣ ድምፁ ሊጠፋ ይችላል። ግን ያ ሽቦ የተቀመጠው ውስጥ የሆነ ነገር ተላጦ ቆርቆሮውን ቢነካ ኮረንቲውን ወደ መሬት እንዲወስድ ነው። ከተቆረጠ መንገዱ ማይክ የያዘው ልጅ ይሆናል። በሰልፍ ሰዓት፣ በእርጥብ ሣር ላይ ቆሞ ዜና የሚያነብ ልጅ አስቡት። ከጩኸት ጋር መኖር ይቻላል።

ቻርጀሩን ራሱን ከፍታችሁ አትነካኩ፣ ውስጡ ያ 310 ቮልት አለ። ፊልተሩን ሁሌም ከውጭ፣ በ12ቱ ወይም በ5ቱ ቮልት በኩል ሥሩ።

የሞከራችሁ ውጤቱን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ካልሠራላችሁ በባትሪ ሲሆን ምን እንደሚል አብራችሁ ንገሩኝ፣ ከዚያ እንነሳለን።