እናቴ የማታነበው መጽሔት

እናቴ ለሰላምታና ለገበያ የሚሆን እንግሊዝኛ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አትችልም። ሜሪላንድ ወዳለው ቤታችን ታዲያ በየወሩ በስሟ የአትክልት መጽሔት ይመጣ ነበር። አንዲት ትሁት ሴት ደውላ «የመጀመሪያዎቹ ወራት በነጻ ናቸው» ስትላት እሺ አለች፤ የመላኪያ ነው የተባለችውን ጥቂት ገንዘብ ለመክፈልም የባንክ ካርዷን ቁጥር ሰጠች። ነጻው ጊዜ አለቀና ሙሉ ዋጋው በራሱ ይቆረጥ ጀመር። ደግሞ የጠየቃት የለም። እንዲህ ያለ ውል የቆመው በዝምታ ላይ ነው፤ በቃኝ እስካላልክ ድረስ እንደ ፈቀድክ ይቆጠራል።

ለመመዝገብ ያቺ አጭር ጥሪ በቃች። ካንስል ለማድረግ ስንደውል ግን መጀመሪያ ማሽን፣ ከዚያ ሙዚቃ፣ ከዚያ ደግሞ «ባለስሟ ራሷ ትናገር» የሚል ሰው ጠበቀን። ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት። ለምን እንደምትተወው ጠየቃት። በግማሽ ዋጋ ላድርግልሽ አላት፤ ስጦታም ጨመረ። እናቴ ተጨነቀች፤ ሲለማመጣት እምቢ ማለት ነውር ሆነባት። ስልኩ ሲዘጋ መጽሔቱ ተራዝሞ ነበር። «ምን ላድርግ ልጄ፣ እሱም እንጀራው ነው» አለችኝ።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። እናቴ ያደገችበት ደግነት፣ ሰውን አለማሳፈር፣ የለመነን ባዶ እጁን አለመሸኘት፣ በዚያ ስልክ ላይ የገንዘብ መሰብሰቢያ ሆነ። ሰውየውን አልወቅሰውም፤ በእንዲህ ያለ ሥራ ሠራተኛ የሚመዘነው ስንት ደንበኛ እንዳስቀረ ነው። የምወቅሰው መንገዱን እንዲህ አድርጎ የቀየሰውን ነው።

ታስቦበት የሚቀየስ መሆኑንም በአደባባይ አይተናል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2023 አማዞንን ሲከስ፣ ኩባንያው የፕራይም አባልነት ማቋረጫውን በውስጥ «ኢሊያድ» ብሎ ይጠራው እንደነበር ክሱ ላይ አስፍሯል። ኢሊያድ ስለ ትሮይ ጦርነት የሚተርከው የሆሜር ረጅም ግጥም ነው። አማዞን ጥፋቱን ሳያምን በ2025 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። ያው ኮሚሽን በ2024 መውጫው እንደ መግቢያው ቀላል ይሁን የሚል ደንብ አጽድቆ ነበር። ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት፣ በጁላይ 2025፣ የይግባኝ ፍርድ ቤት ሻረው፤ መቅደም የነበረበት የወጪና የጥቅም ጥናት አልቀረበም በሚል። ጉድለቱ የሥነ ሥርዓት ነው፤ ዕዳው የወደቀው ግን እንደ እናቴ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ጀርመን በኢንተርኔት ለሚገቡ ቀጣይ ውሎች ግልጽ የማቋረጫ ቁልፍ እንዲኖር ያስገደደችው ከጁላይ 2022 ጀምሮ ነው። ከተፈለገ ይቻላል።

እኛ በመጨረሻ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ከባንክ ሂሳብ በየጊዜው የሚቆረጥ ክፍያን፣ ከመቆረጫው ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀናት አስቀድሞ ለባንኩ አሳውቆ ማስቆም በፌዴራል ሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ እኛም አስቆምን። ክፍያውን ማስቆም ብቻውን ውሉን አያፈርስም፤ ስለዚህ በእናቴ ስም አጭር ደብዳቤ ጽፈን፣ ፈርማበት፣ ተቀባዩ በሚፈርምበት ፖስታ ላክን፤ ቅጂውንም አስቀረን። በደብዳቤ የሚለማመጣት የለም።

ቤታችሁ እናት አባት ካሉ የባንክ ስቴትመንታቸውን አብራችሁ እዩ። የማታውቁት ስም ስታገኙ ደግሞ እባካችሁ አትቆጧቸው።