ኮልፌ ቀራንዮ፦ ሳቅና የራስ ቅል በአንድ ስም

ከአውቶቡስ ተራ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ታክሲ ጠብቃችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ የረዳቶቹን ጥሪ ሳትፈልጉ በቃላችሁ ይዛችሁታል። «ኮልፌ! አጠና ተራ! አስራ ስምንት!» አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይቀጥላል። እነዚህን ስሞች በየቀኑ እንሰማቸዋለን፣ እንወርድባቸዋለን፣ መታወቂያችን ላይ እናስጽፋቸዋለን። ትርጉማቸውን ግን ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? እኔ እዚህ ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን አልጠየቅሁም። የጠየቀችኝ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ናት፤ ያውም እያለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት እናቴ አረፈችና በሰፈራችን በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ቀበርናት። አርባዋ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ልጄ ከትምህርት ቤት መጣችና ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ቀራንዮ ማለት የሞተ ሰው ጭንቅላት ማለት ነው አሉኝ። እውነት ነው? ታዲያ እማማን ለምን እዚያ አስቀመጥናት?» አለችኝ።

«የቤተ ክርስቲያን ስም ነው እኮ» ብዬ ላልፈው ሞከርሁ። ልጅ ግን እንዲህ ባለ መልስ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔንም አልወሰደኝም። ቅዳሜ ሲሆን እጇን ይዤ ወጣሁ። እናንተም ከልጆቻችሁ ጋር ልትሄዱበት የምትችሉት መንገድ ነውና አብረን እንሂድ።

ከቀላሉ ጀመርን። አጠና ተራ ላይ ወርደን፣ ለቤት ሥራ የሚሸጠው የባሕር ዛፍ እንጨት ስሙን ለሰፈሩ እንደሰጠ አስረዳኋት። ይህ ስም አስተርጓሚ አይፈልግም። ቤቴልም ብዙ አያስቸግርም፤ በዕብራይስጥ «የእግዚአብሔር ቤት» ማለት ነው፤ «ቤት» የሚለው ቃል ከእኛው ጋር አንድ መሆኑን ልጄ ራሷ አወቀችው።

«ኮልፌስ?» አለችኝ። ይህን የመለሱልን ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ጧፍ የሚሸጡ እናት ናቸው። ጥያቄዋን ሰምተው ፈገግ አሉና፣ «በእኛ በኦሮምኛ ኮልፋ ሳቅ ነው፤ ኮልፌ ስንል ደግሞ ሳቀ ማለታችን ነው፣ ልጄ» አሏት። ልጄ ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ማን ነው የሳቀው?» ስትላቸው፣ «ይኸው አንቺ!» አሏት።

ቀራንዮ ግን ከባዱ ነው። ልጆቹ የነገሯትም ውሸት አልነበረም። ኢየሱስ የተሰቀለበት ኮረብታ በአገሩ ሰዎች ቋንቋ በአረማይክ ጎልጎታ ይባል ነበር፤ ትርጉሙ የራስ ቅል ነው። ወንጌልን በግሪክ የጻፉት ቃሉን «ክራንዮን» ብለው ተረጎሙት፤ ያም የራስ ቅል ነው። ወደ ላቲን ሲገባ «ካልቫሪያ» ሆነ፤ እንግሊዞች ኮረብታውን «ካልቫሪ» የሚሉት ከዚያ ወስደው ነው። የእኛ አባቶች ግን የግሪኩን ቃል ሳይተረጉሙ ድምፁን ወደ ግዕዝ አመጡትና ቀራንዮ አሉት። ቃሉ ለጆሯችን የቦታ ስም ብቻ ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። ዛሬ አንዱ ሰሌዳ ላይ «ቀራንዮ»፣ ሌላው ላይ «ቀራኒዮ» ተብሎ ተጽፎ ታዩታላችሁ።

በቅጽሩ ውስጥ ያገኘናቸው አንድ አረጋዊ ካህን የልጄን ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሰሟት። «አባ፣ እማማ የራስ ቅል ውስጥ ናት?» አለቻቸው። ወዲያው አልመለሱላትም። መጀመሪያ የስቅለቱን ሥዕል እንድታስታውስ ጠየቋት። ከመስቀሉ ሥር ምን አለ? የራስ ቅል። የማን ነው? በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የአዳም ነው፤ አዳም የተቀበረው በዚያ ኮረብታ ሥር ነው ተብሎ ይነገራል። ከላይ የሚወርደው ደም አጥንቱ ላይ የሚያርፈው፣ አዳም ሕይወት አገኘ ለማለት ነው። «ስለዚህ ልጄ፣» አሏት፣ «ቀራንዮ ሞት ያሸነፈበት ቦታ አይደለም። ሞት የተሸነፈበት ነው። አያትሽም ያለችው እዚያ ነው።»

ወደዚያ መሄድ ለምትፈልጉ፣ የመድኃኔዓለም ቀን በየወሩ 27 ነው። ስቅለቱ የሚታሰበው መጋቢት 27 ሲሆን፣ ዕለቱ በዐቢይ ጾም ስለሚውል በዓሉ በድምቀት የሚከበረው ጥቅምት 27 ነው። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ በጥቅምት ሂዱ፤ ጸጥታውን ከፈለጋችሁ ግን እንደ እኛ ተራ ቅዳሜ ምረጡ።

ማታ ነገሩን ለጎረቤታችን ለጡረተኛው መምህር አጫወትኳቸው። እሳቸው በንጉሡ ዘመን ከህንድ መጥተው በየትምህርት ቤቱ ያስተምሩ ከነበሩት መምህራን የተማሩ ናቸው። «ህንዶችም እኮ ይህ ቃል አላቸው» አሉኝ። በጥንታዊው የሃይማኖት ቋንቋቸው በሳንስክሪት «ካፓላ» የራስ ቅል ነው፤ ጎድጓዳ ሳህንም ነው፤ የገል ስባሪም ነው። በሂንዱ እምነት ሺቫ የተባለው አምላክ «ካፓሊ»፣ ማለትም የራስ ቅል ተሸካሚ፣ ይባላል። የብራህማን አንድ ራስ በመቁረጡ ቅሉ እጁ ላይ ተጣብቆ ቀረ፤ እሱንም እንደ መለመኛ ዕቃ ይዞ ሲንከራተት ኖሮ፣ ቅዱሷ ከተማ ቫራናሲ ሲደርስ ከእጁ ወደቀለት ይላሉ። በደቡብ ህንድ በቼናይ ከተማ በዚሁ ስም የሚጠራ ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ። ያው ቃል በሂንዲ ግንባርም ይሆናል፤ በቤንጋሊ ግንባርም ዕድልም ነው። ባሕር ተሻግሮ ኢንዶኔዥያ ሲደርስ «ከፓላ» ተብሎ በቀላሉ ራስ ማለት ሆኗል።

አንድ ቃል በየደረሰበት አገር ሌላ ነገር ይይዛል። እኔን ያስገረመኝ ግን ሌላ ነው። ህንዶቹ የሰውን የራስ አጥንትና ጎድጓዳ ዕቃን በአንድ ቃል ጠሩ። እኛስ? የራስ ቅል! ወተት የምንንጥበት፣ ውኃ የምንቀዳበት ቅል። ፈረንሳዮችም ራስን የሚጠሩበት «ቴት» የተባለው ቃል የመጣው ሸክላ ዕቃ ከሚል የላቲን ቃል ነው። ተራርቀው የሚኖሩ ሕዝቦች የሰውን ራስ አይተው ያሰቡት ዕቃን ነው። ዕቃ ደግሞ የሚጠየቀው በምን እንደተሠራ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደያዘም ነው።

እስቲ ኮልፌ ቀራንዮ የያዘውን አብረን እንቁጠር። በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ ነው። ስድስት ወር ሊቆይ የታሰበው ሥልጠና ተቋርጦ ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ በዚያው ክረምት ተያዙና 27 ዓመት በእስር አሳለፉ። ወደ ዘነበወርቅ በኩል በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት ሆስፒታል አለ። የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየክፍለ ሀገሩ መጥተው ታክመው፣ ብዙዎቹ በአካባቢው ቤት ሠርተው፣ ልጆች አሳድገው ኖረዋል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን መካነ መቃብርም እዚሁ ኮልፌ ነው፤ ለቀብር ስንሸኛኝ የኖርነው በሁለቱም አቅጣጫ ነው።

ስሙንም ራሱን ተመልከቱት። አንዱ ወገን አዳማ ሲል ሌላው ናዝሬት፣ አንዱ ቢሾፍቱ ሲል ሌላው ደብረ ዘይት የሚልባቸው ከተሞች አሉን። አንዱ ስም ሲነሳ ሌላው ይወርዳል። በእኛ ክፍለ ከተማ ግን የኦሮምኛው ኮልፌና በግዕዝ በኩል የመጣው ቀራንዮ ጎን ለጎን ቆመው ይጠራሉ። ሳቅና የራስ ቅል በአንድ መታወቂያ ላይ ተጽፈዋል። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ በሦስተኛው ቀን አንዱ የሟችን ጨዋታ ያነሳና ድንኳኑ በሳቅ ይሞላል።

ያን ቀን ማታ የእናቴን ቅል ከመደርደሪያ አወረድሁት። ከገጠር ስትመጣ ይዛው የመጣችው የወተት መናጫ ነው፤ እስካሁን የወይራ ጢስ ይሸታል። ልጄ አፏን ወደ ቅሉ አስጠግታ «እማማ!» አለች። ድምፁ ወፍሮ ሲመለስላት ደነገጠችና ሳቀች። ከዚያ ደግማ ጠራቻት። መምህሩ በበሩ ቆመው ያዩን ነበርና «ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል» ብለው ሄዱ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስትሄድ ለጓደኞቿ ምን እንዳለቻቸው አልነገረችኝም። በሚቀጥለው 27 ግን ጧፉን የምትገዛው እሷ መሆኗን ነግራኛለች፤ ከሳቁት እናት ዘንድ።

እናንተም ዛሬ ማታ ራት ላይ ልጆቻችሁን «የሰፈራችን ስም ምን ማለት ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። የማታውቁት ከሆነ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም አሮጊት አጠገባችሁ ይኖራል። ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ሰው ይዛወራል፣ የሚያውቁትም ያልፋሉ። እኔ እናቴን ሳልጠይቃት ነው ያመለጠችኝ። እናንተ ሳይመሽ ጠይቁ።