መስታወትና የከዳ እጅ

የመስታወት ሕክምና ማለት በስትሮክ ምክንያት አንድ ወገኑ የሰነፈበት ሰው የጤነኛ እጁን እንቅስቃሴ በመስታወት እየተመለከተ፣ የከዳው እጅ የሚንቀሳቀስ ያህል አንጎሉ እንዲሰማው የሚያደርግ ልምምድ ነው። ስትሮክ ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ የሚከሰት ጉዳት በመሆኑ፣ እጁ ቢዝልም የተጎዳው አንጎል እንጂ ጡንቻው አይደለም፤ ስለዚህም ተሐድሶው የተረፈው የአንጎል ክፍል የጠፋውን ሥራ እንዲማር መርዳትን ይጠይቃል።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ያስተዋወቀው የነርቭ ተመራማሪው ራማቻንድራን ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው በተቆረጠ እጃቸው ቦታ ሕመም ለሚሰማቸው ሰዎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ተቋም ግምገማ ደግሞ 62 ጥናቶችን መርምሮ፣ ዘዴው ለስትሮክ ታካሚዎች ከመደበኛው ተሐድሶ ጋር ሲታከል እንቅስቃሴንና የዕለት ተዕለት ክንውንን እንደሚያሻሽል ደምድሟል።

አሠራሩ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ ይሻል። ታካሚው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጥና መስታወቱ በሁለቱ እጆች መካከል ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የመስታወቱ ፊት ወደ ጤነኛው እጅ ይዞራል፣ የሰነፈው እጅም ከመስታወቱ ጀርባ ይሸሸጋል። ምስሉ የከዳውን እጅ እንዲተካ ቀለበትና አምባር ይወልቃሉ፣ በብዙ የጎጃም እናቶች እጅ ላይ ያለው ንቅሳትም ቢሸፈን ይመረጣል፤ ምስሉ የራስ እጅ ካልመሰለ አንጎል አይቀበለውምና። ከዚያም ጤነኛው እጅ በዝግታ ይጨበጣል፣ ይዘረጋል፣ መዳፉ ይገለበጣል፣ ሲኒ ያነሣል፣ የባቄላ ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ የተሸሸገውም እጅ የቻለውን ያህል አብሮ ይሞክራል። ፊት መታያ ትንሽ መስታወት አይበቃም፤ ከክንድ እስከ ጣት የሚያሳይ ሊሆን ይገባል። ብዙውን ጊዜ በቀን ለ30 ደቂቃ ያህል፣ ለሳምንታት ሳይቋረጥ ይሠራል።

ይህ ዘዴ ለጎጃም ደጋ ትልቅ ዋጋ አለው። ከጮቄ ተራራ ሥር ካሉ የስናንና የቢቡኝ ቀበሌዎች በቃሬዛ ተጭኖ ለመጣ ገበሬ፣ በየሳምንቱ ደብረ ማርቆስ ድረስ ለፊዚዮቴራፒ መመላለስ ከአቅም በላይ ሲሆን፣ መስታወቱ ግን ቤቱ ድረስ ይሄዳል። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም ልምምዱን ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ የደም ግፊት መድኃኒቱንም እንዲሁ። በአንድ ወገን ያለውን ነገር ጨርሶ ልብ የማይል ወይም መስታወቱን ሲያይ የሚያዞረው ታካሚ ግን ያለ ባለሙያ ሊጀምር አይገባውም።

ስለዚህ በየሆስፒታሉ ያሉ ሐኪሞች፣ ነርሶችና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ታካሚውን ከማሰናበታቸው በፊት አስታማሚውን አስቀምጠው ይህን ልምምድ በእጁ እንዲያሠሩት፣ ቤተሰብም የሰነፈውን ክንድ ጎትቶ ከማንሣት እንዲቆጠብ አደራ ሊባሉ ይገባል።