የወዝ ዋጋ

በመኝታ ቤቴ መስኮት ላይ አንድ ብልቃጥ አለ። ወፍራም፣ ወተት የመሰለ ብርጭቆ ነው፤ ክዳኑ ወርቃማ ነው። ጠዋት ጠዋት የሐዋሳ ፀሐይ ሲያገኘው ክዳኑ ግድግዳው ላይ ክብ ብርሃን ይጥላል። ብዙ ዕቃ ከቤቴ አውጥቼ ጥያለሁ፤ ይህን መጣል ግን አልሆነልኝም። ለምን እንዳልሆነልኝ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

የምንኖረው ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ ነው። እኔ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ሁለተኛ ልጄን በፀነስሁበት ዓመት ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ማዲያት ወጣብኝ። ስትወልጂ ይጠፋል ያሉኝ ነበሩ፤ ወለድሁ፣ አልጠፋም። ስድሳ ተማሪ ዐይኑን ሲተክልብኝ የሚያየው ሰሌዳው ላይ ያለውን ሰዋስው ብቻ እንዳልሆነ ይሰማኝ ጀመር። እናም አንድ ቀን፣ ደመወዝ በወጣ ማግሥት፣ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ የመዋቢያ ዕቃ መደብር ገባሁ።

«ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ በብርሃን ልይሽ» አለችኝ ሻጯ። አገጬን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችው። ከልጅነቴ በኋላ ፊቴን እንዲህ ይዞ ያየኝ ሰው አልነበረም። ከዚያም ከፈረንሳይ የመጣ ነው ያለችውን ቅባት በእጄ ጀርባ ላይ ቀባችልኝ። ዋጋውን ስትነግረኝ ደነገጥሁ፤ የወር ደመወዜ አምስተኛ ነበር። ከፈልሁ። ለባለቤቴ የነገርሁት ግን የዋጋውን ሲሶ ነው።

ቅባቱ ማዲያቱን አላጠፋውም። ቆዳዬን አለሰለሰው፤ ከዚያ በላይ ያደረገው ነገር አልነበረም። አንዱ ብልቃጥ ሁለት ወር አይሞላም፤ ባለቀ ቁጥር ግን ተመልሼ ሄድሁ። ዛሬ ሳስበው የምመለሰው ለቅባቱ ነበር ለማለት ይከብደኛል። ለእነዚያ ሁለት ጣቶች ነበር።

ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ላይ መንግሥት ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ሲያግድ ሽቶና መዋቢያም ከዝርዝሩ ገቡ። ዕቃው ግን ከመደርደሪያው አልጠፋም፤ በመንገደኛ ሻንጣ እየገባ ዋጋው ብቻ ወደ ላይ ወጣ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ እግዱ ሲነሣ እፎይ ልል ስል፣ በዚያው ሰሞን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ነሐሴ ላይ መደብሩ ስሄድ ሻጯ ዐይኔን ሳታይ አዲሱን ዋጋ ነገረችኝና «ዶላሩ ነው የኔ ቆንጆ» አለችኝ። እኔም ስለ ዶላሩ የማውቅ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ፤ ገዛሁም።

በዚያ ወር ለእናቴ የምልከውን ገንዘብ አልላክሁም። እናቴ ይርጋለም ናት፤ የደም ግፊት ኪኒን ትወስዳለች። ደውዬ «በዚህ ወር አልሞላልኝም እማዬ» አልኋት። «ግድ የለም ልጄ፣ እኔ ምን ጎድሎብኝ» አለች። ብልቃጡ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

ለመስቀል ልጠይቃት ስሄድ የኪኒኗን ካርድ ራስጌዋ አየሁት። ማለቅ በነበረበት ጊዜ ገና ግማሹ አለ። አንድ ቀን እየዘለለች አብቃቅታዋለች። አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ከይርጋለም ስመለስ ወደዚያ መደብር ላልሄድ ወሰንሁ። ነገር ግን ውሳኔና ጉንጭ የተለያዩ ናቸው፤ ማዲያቱ እዚያው ነው። ይህን ጊዜ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ርካሽ መላ አለ አለችኝ። ገበያ ውስጥ በነጭ የፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጥ፣ ጽሑፍ የሌለበት፣ «ቅልቅል» የሚሉት ቅባት ነው። ዋጋው የብልቃጡን ዐሥረኛ እንኳ አይሆንም። ተቀባሁት፤ በሁለት ሳምንት ማዲያቱ ደበዘዘ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ «ምን ተጠቅመሽ ነው?» ያላለኝ አልነበረም። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። በሦስተኛው ወር ግን ፊቴ በትንሽ ፀሐይ መንደድ ጀመረ፤ ቀላ፤ ብጉር ወረረው። ቅባቱን ሳቋርጥ ባሰ፤ ስመልሰው ተሻለ። ከዚያ እንደገና ባሰ።

ወደ ሠፈራችን መድኃኒት ቤት ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ገባሁ። ፋርማሲስቱ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ዕቃውን አገላብጦ አየና «ቲቸር፣ ስም የሌለው ነገር እንዴት ፊትዎ ላይ ያደርጋሉ?» አለኝ። አማርኛ የማስተምር ሰው፣ ስም ምን እንደሆነ በዘጠነኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ይህን ሲለኝ ምን እመልሳለሁ?

እንዲህ በፍጥነት የሚያቀላ ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሦስት ነገሮች መሆናቸውን ነገረኝ። አንዱ ስቴሮይድ ነው፤ ለሕመም በሐኪም ትእዛዝ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ ሲቆይ ቆዳን ያሳሳል። ሁለተኛው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ያለ ክትትል ለዓመታት ከተቀቡት ሊያጠፋ የመጣውን ጥቁረት ራሱ ይተክላል። ሦስተኛው ሜርኩሪ ነው፤ ኩላሊት ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች ከገበያ እንዲወጡ የሚያስገድደውም ስለዚህ ነው። የእኔ የትኛው እንደነበረ አላወቅሁም፤ ዕቃው ላይ አልተጻፈምና። ወደ ቆዳ ሐኪም ላከኝ፤ ፊቴ እስኪመለስ አምስት ወር ፈጀ።

በእነዚያ ወራት ሐኪሙ የፈቀደልኝ ጥቂት ነገር ብቻ ነበር። ያንን በወጉ መጠቀም ያስተማሩኝ ደግሞ ከግቢያችን ሰርቪስ ቤት የተከራዩት ሦስት ልጆች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ይሰፋሉ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የኢትዮጵያ ልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደነበር ጽፏል። በዚህ ዓይነት ደመወዝ የሚኖር ሰው ስለ ቅባት የሚያውቀውን ያህል ሻጮች አያውቁም። አንድ ጠርሙስ ግሊሰሪን ለሦስት ይገዛሉ፤ በትንንሽ ዕቃ ይካፈሉታል፤ በንጹሕ ውኃ ያቀጥኑታል። ታናሺቱ አንድ ቀን ፊቴን ታጥቤ በፎጣ ስጠራርግ አይታ «ኧረ እትዬ፣ ውኃው ሳይደርቅ ነው የሚቀባው!» አለችኝ። ልክ ነበረች። ግሊሰሪን ውኃ ስቦ የሚይዝ ነገር ነው፤ በእርጥብ ቆዳ ላይ ሲሆን ያንን ውኃ ይይዛል፤ ድፍኑን በደረቅ ቆዳ ላይ ከቀቡት ግን ከቆዳው ራሱ ሊስብ ይችላል። ከላዩ ስስ ቫዝሊን ሲደረብ ውኃው እንዳይተን ይከድነዋል። ሎሚ ጨምሩበት የሚሉ አሉ፤ አትስሟቸው። የሎሚ ጭማቂ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ጠባሳም ያጠቁራል።

ቫዝሊን አሜሪካዊው ሮበርት ቺዝብሮ እ.ኤ.አ. በ1872 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት አሮጌ ነገር ነው። በልጅነቴ እናቴ ትምህርት ቤት ልትሸኘኝ ስትል ጉልበቴንና ፊቴን የምትቀባኝ እሱን ነበር። አንድ ምሽት መነጽሬን አድርጌ የዚያን የውድ ብልቃጥ ካርቶን አነበብሁ። የመዋቢያ ይዘት የሚጻፈው ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው። የመጀመሪያው ውኃ ነበር፤ ሁለተኛው ግሊሰሪን። ካርቶኑን ይዤ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ጠፋ።

በርካሽ ያልተካሁት አንድ ነገር አለ፤ የፀሐይ መከላከያ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ እያዘናጋ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ማዲያት ደግሞ ፀሐይ ሲያገኝ ይጠቁራል። ስለዚህ ከተረፈኝ ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ወደዚያ ሄደ፤ የቀረውን ጃንጥላዬ ይሸፍናል። ወደ አያቶቻችን መዋቢያ እንመለስ የሚሉ ወዳጆችም አሉኝ። አያቶቻችን ፀጉራቸውን የሚቀቡት ለጋ ቅቤ በበዓል ሰሞን ስንት እንደሚሸጥ ገበያ ወጥተው ቢጠይቁ መልካም ነበር። ዛሬ ቅቤ አናቷ ላይ የምታደርግ ሴት ከእኔ ብልቃጥ አትተናነስም።

አስቸጋሪው የቆዳዬ ጉዳይ አልነበረም። ቫዝሊን የተቀባ ፊት ያብለጨልጫል። ያ የውድ ቅባት ያስተማረኝ ደግሞ ማብለጭለጭ የድህነት ምልክት መሆኑን ነው፤ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ወዝ ስለሚያጠፋ ነገር ያወራሉ። በእኛ ቋንቋ ግን ወዝ ሌላ ነው። «ፊቷ ወዝ አለው» ስንል ጤና አላት፣ አምሮባታል ማለታችን ነው። ላቡም ወዝ ነው፤ ሠራተኛውን ወዛደር ያልነው በወዙ የሚያድር ስለሆነ ነው። ይህን ለተማሪዎቼ ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። እኔው ራሴ ግን የወዜን አምስተኛ ከፍዬ ወዜን የሚያጠፋልኝን ስገዛ ኖሬያለሁ።

ያቺን ሻጭ አንዳንድ ጊዜ በመደብሯ በር ቆማ አያታለሁ። «የኔ ቆንጆ ጠፋሽ!» ትለኛለች። ሥራ በዛብኝ እላታለሁ። አሁን አሁን በወዲያኛው ጥግ መሄድ ለምጃለሁ። ትናፍቀኛለች ብል ማን ያምነኛል?

ባለፈው ዓመት እናቴ ለሕክምና መጥታ እኛ ጋር ሰነበተች። አንድ ጠዋት ተማሪዎች አርሜ ወደ መኝታ ቤት ስገባ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ብልቃጡን በእጇ ይዛዋለች። በወርቃማው ክዳን ብርሃን እየተጫወተች ነበር። ከፈተችው፤ በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተች።

«ይሄማ ቫዝሊን አይደለም እንዴ!» ብላ ሳቀች።

«ነው እማዬ። ዕቃው ስለሚያምር ነው የጨመርሁበት።»

«ያምራል። ስንት ገዛሽው?»

ለባለቤቴ የነገርሁት ዋጋ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥሁት። እውነተኛውን ነገርኋት፤ የትኛው ወር እንደነበረም ነገርኋት።

እናቴ ጥቂት ዝም አለች። ጣቷ ላይ የቀረውን ቫዝሊን የእጄን ጀርባ ይዛ አሸችበት፤ ጉልበቴን በምታሽበት በዚያው አኳኋን፣ ጠንከር አድርጋ።

«ክዳኑን ግጠሚው» አለችኝ፤ «አቧራ ይገባበታል።»