ያገለገለ የቆዳ ስፌት መኪና ዋጋው ስንት ነው?

ሰውየው ከሰኞ እስከ ዓርብ በደቡብ ለንደን በአንድ የአካባቢ አስተዳደር የሒሳብ ክፍል ተቀምጦ የሌሎችን ወጪ ሲያጣራ ይውላል። ቅዳሜ ጠዋት ግን የእጅ ባትሪ፣ ጥቂት የቆዳ ቁራጮችና አንድ ጥቅል ወፍራም ክር በቦርሳው ይዞ ከቤት ይወጣል። የሚሄደው ያገለገሉ የቆዳ ስፌት መኪናዎችን ለማየት ነው። ባለቤቱ ልማዱን መጀመሪያ ላይ በትዕግሥት አልፋው ነበር፤ የሳሎኑ ጥግ በዘይት የራሰ ብረት ሲሞላ ግን ዕቃው ሁሉ ወደ ጓሮ እንዲዛወር ቁርጥ ያለ ውሳኔ ሰጠች።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የስልክ ጥሪ ነው። የእኅቱ ልጅ አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ፣ ከአራት ሠራተኞች ጋር የሴት ቦርሳ ትሠራለች። ያላት መኪና ጠፍጣፋ ገበታ ያለው፣ ለልብስ የተሠራ ነው። ቆዳ ሲደራረብበት የላይኛው ንብርብር ወደ ኋላ ይቀራል፤ የቦርሳው ጥግ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሥራው ገበታው ላይ አልቀመጥ ይላል። «ጋሼ፣ ክንዱ ድቡልቡል የሆነ፣ እግሩ የሚራመድ አንድ መኪና ቢያፈላልጉልኝ» አለችው። የጫማ ሰፊ ልጅ ነውና ምን እንደምትፈልግ ወዲያው ገባው። እንዲህ ባለው መኪና መርፌውና እግሮቹ አብረው ስለሚሄዱ ንብርብሮቹ እኩል ይሳባሉ፤ ክንዱ ቀጭንና ክብ ስለሆነ ቦርሳው እንደ እጅጌ ይጠልቅበታል። የጀርመኑ ፋፍ 335 ለዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ ነው።

መኪናውን ያገኘው በምሥራቅ ለንደን፣ ሃክኒ ውስጥ፣ ሊዘጋ በተቃረበ የቦርሳ ሥራ ቤት ነበር። ባለቤቱ አንድ ሽማግሌ ቆጵሮሳዊ ናቸው። የቤቱ ኪራይ ውል አልቋል፤ ሕንፃው መኖሪያ አፓርታማ ሊሆን ነው፤ ልጆቻቸውም ሥራውን አልፈለጉትም።

አገር ቤት በሬ የሚገዛ ገበሬ ጠጉሩን ብቻ አይቶ አይዋዋልም። ጥርሱን ይገልጣል፣ ሰኮናውን ይዳስሳል፣ ጥቂት ያስኬደዋል። ሰውየውም እንዲሁ አደረገ። መጀመሪያ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ መዘውሩን በእጁ ቀስ አድርጎ አዞረ፤ አንድ ቦታ ላይ የሚከብድ ከሆነ ውስጡ የተጎዳ ነገር አለ። የመርፌውን ዘንግ ወደ ጎን ነቀነቀ፤ ልል ከሆነ መኪናው ደክሟል። በባትሪው ብርሃን የመንጠቆውን ጫፍ አየ፤ የደነዘዘ መንጠቆ ክር ይስታል። መርፌው ከታች ተነሥቶ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲል የመንጠቆው ጫፍ ከቀዳዳው በላይ ደርሶ የክሩን ቀለበት መያዝ አለበት፤ ከቀደመ ወይም ከዘገየ ስፌቱ ይዘላል። በመጨረሻም ሻጩ ያዘጋጁትን ጨርቅ ትቶ ከቤት ባመጣው ቆዳ ሰፋ፤ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ንብርብር። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና አይቶ የሚደሰት ገዢ ብዙ ነው። ቀለም ግን ከሁሉ የሚረክሰው ጥገና ነው።

700 ፓውንድ ተጠይቆ በ600 ተስማሙ። ሽማግሌው ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አንድ ከባድ መሳቢያ ስበው አወጡ። ልዩ ልዩ እግሮች፣ የመርፌ ሳህኖች፣ ትርፍ መንጠቆዎች፣ ምንጮች፣ ብሎኖች፣ ዝርዝሩ በእጅ የተጻፈበት አሮጌ የመመሪያ መጽሐፍ ነበረበት። «ይህንንም በ60 ውሰደው» አሉት። ሰውየው የመርከቡን ክብደት አሰበና አመስግኖ ተወው።

በዚያው ክረምት ለራሱ አንድ ሲንጀር 29ኬ ገዛ። የጫማ ጠጋኝ መኪና ናት፤ እግሯ ሙሉ ክብ ስለሚዞር ቆዳውን ሳያዞሩ ወደፈለጉበት አቅጣጫ መስፋት ይቻላል። በኋላ ላይ የሚቀርበው «ኬ» ኪልቦዊን ያመለክታል፤ በስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረውን፣ በ1980 እ.ኤ.አ. የተዘጋውን ግዙፍ የሲንጀር ፋብሪካ። አባቱ መርካቶ ውስጥ ዕድሜያቸውን የሠሩት በዚህችው ዓይነት መኪና ነበር፤ እሱም ፊደል የቆጠረው ከፔዳሏ አጠገብ ተቀምጦ ነው። የእርጅናዋ ምልክት አንድ ነው፤ የሚስበው ክፍል ሲበላ ስፌቷ እያጠረ ይሄዳል፣ ወደ አንዱ አቅጣጫ ሲረዝም ወደ ሌላው ያጥራል። ስለዚህ የሚገዛት ሰው በአራቱም አቅጣጫ ሰፍቶ ስፌቱን በማስመሪያ መለካት አለበት። ሰውየው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ለካም፣ ስፌቷ እኩል አለመሆኑን አየ። ገዛትም። በዚያ ቀን የሒሳብ ባለሙያው አብሮት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከቢሮው ቅርብ በሆነው በርመንዚ ለምሳ ሲወጣ የሚያልፍባቸው መንገዶች ስማቸው ታነር ስትሪት፣ ሌዘርማርኬት ስትሪት፣ ሞሮኮ ስትሪት ነው። የመጀመሪያው በቆዳ አልፊዎች፣ ሁለተኛው በ1833 እ.ኤ.አ. በተሠራው የቆዳ ገበያ፣ ሦስተኛው በለሰለሰው የፍየል ቆዳ ስም የተጠሩ ናቸው። የለንደን የቆዳ ሥራ ልብ እዚህ ነበር። ዛሬ ገበያው ቢሮና ቡና ቤት ሆኗል። ያገለገለ መኪና ገበያ የሚደምቀው እንዲህ ሲሆን ነው፤ አንድ ኢንዱስትሪ ከአንድ ከተማ ሲወጣ ብረቱ በርካሽ ይቀራል።

ሆኖም ያገለገለ ዕቃ ገበያ በራሱ የሚፈጠር ነገር አይደለም። በአሜሪካ በ1899 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዩናይትድ ሹ ማሽነሪ የተባለው ኩባንያ ዋና ዋናዎቹን የጫማ መሥሪያ ማሽኖች አይሸጥም ነበር፤ ያከራያል እንጂ። የእንግሊዙ እኅት ኩባንያም ሌስተር ላይ ሆኖ በኪራይ ይሠራ ነበር። ማሽኑ የኩባንያው ንብረት ሆኖ ስለሚቀር ጫማ ሠሪው ሲዘጋ የሚሸጠው ነገር የለውም፤ አዲስ ጀማሪም ከእሱ የሚገዛው የለም። ቦስተን ላይ የተሰየሙት ዳኛ ዋይዛንስኪ በ1953 እ.ኤ.አ. በሰጡት ፍርድ ይህ አሠራር የሁለተኛ እጅ ገበያ እንዳይኖር ማድረጉን አንዱ የብቸኛ ይዞታ ምልክት አድርገው ቆጠሩት፤ ኩባንያው የሚያከራየውን ማሽን ለመሸጥም እንዲያቀርብ አዘዙ።

በዚያ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ኪራዩ ጥገናን ይጨምር ነበር። ማሽኑ ሲቆም የኩባንያው መካኒክ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። ትንሹ ጫማ ሠሪ በጥቂት ገንዘብ ሥራ ሊጀምር የቻለው፣ ደንበኞቹም ኩባንያውን ያልጠሉት በዚህ ምክንያት ነው። ዳኛው ይህንንም ፈቱት፤ ጥገናው በተለየ ዋጋ እንዲቀርብ አደረጉ። ውድድርን ለመክፈት ትክክል ነበር። ግን ማሽኑና መካኒኩ አንድ ዕቃ እንደሆኑ ከሁሉ አስቀድሞ የገባው ብቸኛ ይዞታ ያለው ኩባንያ መሆኑ ያሳዝናል።

በኢትዮጵያ የፖሊሲው ሐሳብ በሌላ በኩል ነው የገባው። በ1990 ዓ.ም. ስለ ካፒታል ዕቃ ኪራይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 መያዣ የሌለው አነስተኛ አምራች ማሽን በኪራይ እንዲያገኝ በር ከፈተ፤ ኋላም በየክልሉ አከራይ ኩባንያዎች ተቋቋሙ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 567 ደግሞ ጥሬና በከፊል የተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ወደ ውጭ ሲላክ 150 በመቶ የሚደርስ ቀረጥ ተጣለበት፤ ሌጦው አገር ውስጥ ጫማና ቦርሳ ሆኖ እንዲወጣ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። የኢትዮጵያ የደጋ በግ ሌጦ ስስና ጠንካራ በመሆኑ ለጓንት በዓለም ይፈለጋል። በ1826 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዮቪሉ ፒታርድስ በ2009 እ.ኤ.አ. ኤጀርሳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ እስከ መግዛት የደረሰው ለዚሁ ነው፤ ያው ኩባንያ በ2023 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ። ማሽን በኪራይ ይምጣ፣ ቆዳው በቀረጥ አገር ውስጥ ይቅር ተባለ። በፋይናንስ ኪራይ ግን ጥገናው እንደ ወጉ የተከራዩ ዕዳ ነው። ማሽኑ ሲቆም ማን ይመጣል የሚለው ጥያቄ ከሁለቱም ስሌት ውጭ ቀረ።

ሰውየው ይህን ያወቀው መኪናው በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሶ፣ መርካቶ ገብቶ፣ ከተተከለ በኋላ ነው። ከመላኩ በፊት የተቻለውን አድርጎ ነበር። በሦስት ፌዝ የሚሠራውን አሮጌ ሞተር አውልቆ በተራ 220 ቮልት የሚሠራ፣ ሲሰፋ ብቻ ኃይል የሚወስድ ሰርቮ ሞተር ገጠመለት። ዘይት ለወጠ። ከሃክኒ በወጣበት ዕለት አራት ንብርብር ቆዳ አንድም ሳይዘል ሰፍቶ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ስልኩ ጮኸ። «ጋሼ፣ ይዘላል።»

ሦስት ሌሊት በቪዲዮ ተነጋገሩ። መርፌው ተገልብጦ እንደሆነ ጠየቃት፤ አልተገለበጠም። ክሩን እንድታሳጥን፣ የላይኛውን ውጥረት እንድታላላ ነገራት፤ አሳጠነች፣ አላላች። ስልኩን ወደ መንጠቆው አስጠግታ መዘውሩን በእጇ ስታዞር እሱ ለንደን ላይ ሆኖ ትንፋሹን ይዞ ያያል። የመንጠቆው ጫፍ ከመርፌው ቀዳዳ ጋር አልገናኝ ብሏል። በመንገድ ላይ ተንቀሳቅሶ ነው ሲል ደመደመ፤ እንዴት እንደሚስተካከልም በረጅም ኢሜይል ጻፈላት። አራት ሠራተኞቿ በእነዚያ ቀናት የሠሩት በእጅ ነበር፤ ለአንድ ሠርግ የታዘዙ ቦርሳዎችም ዘገዩ።

ችግሩን ያገኘው በአቅራቢያዋ የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግን አንድ ወጣት ነው። መርፌውን አውጥቶ ከሌላ መርፌ ጋር ጎን ለጎን አስቀመጠና ሳቀ። ከለንደን አብረው የተላኩት አሥር መርፌዎች አልቀው ስለነበር በገበያው የተገኘ፣ ለሌላ ዓይነት መኪና የሚሆን መርፌ ተተክቶ ነበር። ውፍረቱ ይመሳሰላል፤ ርዝመቱ ግን እኩል አይደለም። ሰውየው ይህን ሲሰማ አፈረ፤ ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ የነበረበት ይህንኑ ነው። ወዲያው ትክክለኛውን መርፌ በሚመጣ ሰው እልካለሁ አለ።

«አይላኩ» አለችው። «ልጁ መኪናውን አስተካክሎታል።»

ወጣቱ የመርፌውን ዘንግ የሚይዘውን ብሎን ፈትቶ ዘንጉን በጥቂቱ በማንቀሳቀስ መኪናውን ከመርካቶው መርፌ ጋር አስማምቶታል። ሰውየው በመጀመሪያ ደነገጠ፤ በጀርመን ልክ የተሠራን ነገር እንዲህ መንካት አባቱ ቢሆኑ አይፈቅዱም ብሎ አሰበ። አደረና ግን ሒሳቡን ሠራ። ትክክለኛው መርፌ ለንደን ውስጥ በርካሽ ይገኛል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ዋጋው የሚመጣው ሰው ቀጠሮ ነው። ፍራንኮ ቫሉታ የሚባለው፣ ከባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠይቁ ዕቃ የማስገባት መንገድ፣ በየጊዜው ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል፤ ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተተወ ወዲህም ከውጭ የሚመጣ ብሎን ሁሉ በብር ሲተመን ከብዷል። መርካቶ ጥግ ላይ በፓኬት የሚገኘው መርፌ ግን ነገም አለ። ወጣቱ መኪናውን አላበላሸም፤ ከለንደን ገበያ አውጥቶ ወደ መርካቶ ገበያ አስገባው እንጂ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን፣ ጠይቡንም ቆዳ ፋቂውንም፣ በሥራው የሚሳደብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ያ ወጣት ስድብ አይሰማም፤ የሚጠግንበት ቦታ ግን የአንድ ሱቅ በረንዳ ነው፤ ሙያውን የተማረው በማየት ነው፤ የማሽን ኪራይ ሲፈቀድም ሆነ የወጪ ንግድ ዕቅድ ሲወጣ በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ አይቆጠርም። ባለፈው ወር የእኅቱ ልጅ በወር ደሞዝ ልትይዘው ሞከረች፤ አቅሟ አልቻለም። ከሦስት ሌሎች ሥራ ቤቶች ጋር ተጋርታ ልትከፍለው እየተነጋገረች ነው።

በዚህ መካከል ወጣቱ በእሷ በኩል ለሰውየው ዝርዝር ላከ፤ የመጀመሪያው ዝርዝሩ ነው። አዲስ መኪና አልጠየቀም። ለ335 የሚሆን ትርፍ መንጠቆ፣ ሁለት የጠርዝ እግሮች፣ የውጥረት ምንጭ፣ የሚገኝ ከሆነም የመመሪያው መጽሐፍ።

ሰውየው ቅዳሜን አልጠበቀም። ሐሙስ ከቢሮ ወጥቶ በባቡር ወደ ሃክኒ ሄደ። በሩ በእንጨት ሰሌዳ ተዘግቷል፤ ሁለት የግንባታ ሠራተኞች ደጃፉ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ስለ መሳቢያው ጠየቃቸው። አንደኛው መንገዱ ዳር ወደቆመው ትልቅ የፍርስራሽ ማጠራቀሚያ አመለከተው፤ እሱም ሌላ ነው፣ ያኛው ማክሰኞ ተነሥቷል።